ጃኬት ቆመህ አትግዛ

የእህቴ ልጅ፣ ያጠራቀምከውን ብር የቆዳ ጃኬት ልትገዛበት እንዳሰብክ እናትህ ነገረችኝ። የነገረችኝ እንድገሥጽህ ብላ ነው። አልገሥጽህም። ከጅጋ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ እስከ እንጅባራ በሞተር የሚመላለስ ሠራተኛ ቆዳ መልበሱ ቅንጦት አይደለም። ብቻ እንዴት እንደሚመረጥ ልንገርህ፤ የኛ ሰው ልብስ የሚገዛበት ልማድ ለዚህ ዕቃ አይሆንምና።

ልማዱን ታውቀዋለህ። ለልጅ ጫማ ሲገዛ "ያድግበታል" ተብሎ ሁለት ቁጥር ይጨመራል። ላደገው ሰውም ቢሆን ኮት ሲመረጥ ሰፋ ያለው ይወደዳል፤ ከሥሩ ሹራብ ይገባበታል፣ ሰውየው ቢወፍርም ይችለዋል፣ ለታናሽ ወንድም ቢተላለፍም አይጠብም። ድሮም ልብሳችን የሚደረብ እንጂ የሚለካ አልነበረም። ጋቢና ኩታ ልክ የላቸውም። የቆዳውም ነገር ያው ነው። የዋሸራ ቅኔ ተማሪ ለብሶት የሚዞረው ደበሎ ትከሻ ላይ ይጣላል፣ አንገት ላይ ይታሰራል፣ በቃ። ለቀጭኑም ለወፍራሙም፣ ለአሥራ ሁለት ዓመቱም ለሃያ ዓመቱም አንድ ነው። አባትህም እንደዚያው ሲለብስ ኖሯል፤ አንተም ሱቅ ስትገባ እጅህ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሰፊው ነው። የሞተር ጃኬት ግን ከሰፋ ጃኬትነቱ ይቀራል።

ምክንያቱን ከአሠራሩ እንጀምረው። ያ የምትመኘው ጃኬት፣ ዚፑ ደረት ላይ ሰያፍ የሚሄደው፣ ኮሌታው ሰፊ የሆነው፣ ወገቡ ላይ ቀበቶ ያለው፣ ለፊልም ተብሎ የተሠራ አይደለም። ኒው ዮርክ ላይ የዝናብ ልብስ በማምረት ሥራ የጀመረው ኧርቪንግ ሾት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ለሞተር ነጂዎች ሠራው። በሚወደው ሲጋር ስም ፐርፌክቶ አለው፤ በ5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተሸጠ። እዚህ አገር ራስ ተፈሪ ንጉሥ የተባሉበት፣ ጎጃምም ገና በራስ ኃይሉ እጅ የነበረበት ዘመን ነው። ማርሎን ብራንዶ በ1953 በወጣው ዘ ዋይልድ ዋን ፊልም ላይ እንዲህ ያለውን ጃኬት ለብሶ ከታየ ወዲህ የዓለም ወጣት ምኞት ሆነ። አንተም ጋ የደረሰው በፊልም በኩል መሆኑን አውቃለሁ፤ ስልክህ ላይ ፎቶውን አይቸዋለሁ።

ፎቶው ላይ ጌጥ የሚመስልህ አብዛኛው ነገር ግን ሥራ አለው። ዚፑ ሰያፍ የሄደው ሁለቱ የደረት ቆዳዎች በሰፊው እንዲደራረቡና ነፋሱ በመሐል እንዳይገባ ነው። የኮሌታው ጫፍ ላይ ያሉት ጠቅ የሚሉ ቁልፎች ነፋስ ኮሌታውን እያርገበገበ ፊትህን እንዳይመታህ ይይዙታል። የእጅጌው ጫፍ ላይ ያለው ዚፕ ሲዘጋ የእጅህን አንጓ ያቅፋል፣ ሲከፈት ጓንትህን ያስገባል። ከትከሻው ጀርባ፣ ከእጅጌው ሥር ታጥፎ የተሰፋ እጥፋት ካየህ እጅህን ወደ ፊት ስትዘረጋ የሚከፈት ነው፤ ያለው ጃኬት ከሌለው ይበልጣል። ወገቡ አጭር የሆነውም ልብስ ሰፊው ቆዳ ቆጥቦ አይደለም፤ ሞተር ላይ ስትቀመጥ ጃኬቱ ጭንህ ላይ ታጥፎ ወደ አገጭህ እንዳይገፋህ ነው። ትከሻው ላይ የተሰፋው የወታደር ማዕረግ ማንጠልጠያ የሚመስለው ነገር ብቻ ምንም አይጠቅምህም፤ ካለም አይጎዳህም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የተሠራው ለተቀመጠ ሰው ነው። እጁ ወደ ፊት የተዘረጋ፣ ጀርባው ትንሽ የጎበጠ፣ ክርኑ የታጠፈ ሰው። አንተ ደግሞ ሱቅ ገብተህ ቀጥ ብለህ መስታወት ፊት ትቆማለህ። ጥሩ የሞተር ጃኬት ለቆመ ሰው ትንሽ ያስቀይማል፤ እጅጌው ይረዝማል፣ ደረቱ ላይ ይሸበሸባል፣ ጀርባው ከፊቱ ይልቅ ይወርዳል። ያንን አይተህ "አልሆነኝም" ትላለህ። ቆሞ የሚያምረውን፣ ለከተማ መንሸራሸሪያ የተሰፋውን ታነሣለህ፤ እሱን ለብሰህ ሞተር ላይ ስትወጣ እጅጌው ወደ ክርንህ ይሰበሰባል፣ ወገብህም ይራቆታል።

ስለዚህ ወንበር ጠይቅ። ፍኖተ ሰላም ብትገዛ፣ ባሕር ዳር ብትሄድ፣ አዲስ አበባ መርካቶ ብትገባ ባለሱቅ ወንበር አያጣም። መደገፊያው በደረትህ በኩል እንዲሆን አዙረህ እግርህን ግራና ቀኝ አድርገህ ተቀመጥበት። መደገፊያውን በሁለት እጅህ እንደ ሞተር መሪ ጨብጥ። ባለሱቁ ይስቅ፣ ገበያተኛውም ይስቅ፤ ብሩ ያንተ ነው። ዚፑን እስከ አንገትህ ዝጋና እንደዚያ ሆነህ ቆይ። ወዲያው አትነሣ። ጠባብ ቦታ የሚናገረው ቆይቶ ነው።

እጅህን ተመልከት። እጅጌው የአንጓህን አጥንት መሸፈን አለበት፤ አንጓህ ከታየ አጭር ነው። ቆዳ ሲለበስ ከጎን ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ርዝመት ግን አይጨምርም፤ እንዲያውም ክርኑ ላይ ሲሸበሸብ እጅጌው ትንሽ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ባለሱቁ "ሲለበስ ይረዝማል" ካለህ ቆዳ የማያውቅ ነው፣ ወይ አንተን የማታውቅ አድርጎ ቆጥሮሃል። "ሲለበስ ይሰፋል" ካለህ ግን እውነቱን ነው፤ ጀርባና ክርን ላይ በደንብ ይላላል። ለዚህም ነው አዲስ ጃኬት መጀመሪያ ጠበቅ ብሎ መያዝ ያለበት።

ቀጥሎ እጅህን ወደ ኋላ ልከህ ወገብህን ዳብስ። ሸሚዝህን ወይም ሥጋህን ካገኘህ ተወው። ኩላሊትህ ላይ ነፋስ እየነፋ ከእንጅባራ ቁልቁል መምጣት ምን እንደሆነ ክረምት ላይ ታየዋለህ። በስሌት ልንገርህ፦ የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ በሆነበት ማለዳ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ገላህ የሚሰማው 5 ዲግሪ ያህል ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ በደምበጫ በኩል ወደ ፈረስ ቤት ስትወጣም ብርዱ ያው ነው። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ፍኖተ ሰላም ቀን የሚያላብህ ፀሐይ እዚያ ላይ አይደርስልህም።

ትከሻውን ሳታይ አትነሣ። እጅጌና አካል የሚገናኙበት ስፌት በትከሻህ አጥንት ጫፍ ላይ ይረፍ። ወደ ክንድህ ከወረደ ሰፍቷል፤ ወደ አንገትህ ከገባ ጠቧል። ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ድርቅ በል፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እነግርሃለሁ። የብብቱ መግቢያም ወደ ላይ ከፍ ያለ ይሁን። ብዙ ሰው ብብቱ ሰፊ ሲሆን የሚመቸው ይመስለዋል፤ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ብብቱ ወደ ታች የወረደ ጃኬት እጅህን ባነሣህ ቁጥር ሙሉ አካሉን ይዞት ይነሣል። አንድ እጅህን አንሥተህ ሰላምታ እንደምትሰጥ አድርግ፤ የጃኬቱ ወገብ እምብዛም ካልተነቃነቀ ልብስ ሰፊው ሥራውን ያውቃል።

ስፋቱን በመዳፍህ ለካ። ዚፑ እንደተዘጋ መዳፍህን ዘርግተህ በኮሌታው በኩል ወደ ደረትህ አስገባ። መዳፍ ይግባ፤ ቡጢ ከገባ ግን ጃኬቱ ላንተ አይደለም። ከሥር የምትለብሰውን ስስ ሹራብ ለብሰህ መሆን አለበት እንግዲህ፤ በቲሸርት ብቻ ለክተህ ሐምሌ ላይ ሹራብ አልገባ ቢልህ እኔን እንዳታማ። አንገትህ ላይም ሁለት ጣት ይግባ። ወደ ኋላ ዞር ብለህ የሚመጣ መኪና እንደምታይ ሁን፤ ኮሌታው ጉሮሮህን ካነቀህ ዞረህ ማየት ትተዋለህ፣ ያ ደግሞ አይሱዙ በሚበርበት በዚህ መንገድ ላይ የሚገድል ነገር ነው።

መጥበቡን ለምን እንደዚህ እንደምደክምበት ልንገርህ። ሰፊ ጃኬት በነፋስ ይነፋል፣ ይርገበገባል፣ ያደክማል። ይህ ትንሹ ነው። አስፋልት ላይ ብትወድቅ ሰፊ ጃኬት ገላህ ላይ ይዞራል፤ የክርኑ ወፍራም ቆዳ ክርንህን ትቶ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ጀርባውም ወደ ትከሻህ ይገፈፋል። ያኔ ብርህን ያወጣህበት ቆዳ አንድ ቦታ፣ መሬቱ የሚልጠው ገላህ ሌላ ቦታ ይሆናሉ። ክርንና ትከሻ ላይ መከላከያ ያለው ጃኬት ካገኘህም እጅህን አጥፈህ መከላከያው ልክ ክርንህ ላይ መቀመጡን አረጋግጥ። አውሮፓ የተሠራ ከሆነ ውስጡ ላይ ኢኤን 17092 የሚል ምልክት ፈልግ። አንድ ኤ ያለው ክርንና ትከሻው በሰዓት 45፣ ድርብ ኤ በ70፣ ሦስት ኤ በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲፈተግ እንዲችል ተፈትኗል። እንደ ጥንቱ የሚሰፉት አብዛኞቹ ጃኬቶች ይህ ምልክት የላቸውም፤ ስለዚህ ቆዳውን ራስህ መመርመር ይኖርብሃል።

ወደ ቆዳው እንምጣ፤ እዚህ ላይ በእንስሳት ጤና ሥራ ያረጀ ሰው ትንሽ ቢያበዛ ትታገሠኛለህ።

አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ እጅህ ላይ እንደ ሐር የሚፈስ፣ ቀላል፣ የሚያንጸባርቅ ጥቁር ጃኬት ያሳዩሃል። የበግ ቆዳ ነው። የደጋችን በግ ቆዳ በዓለም የታወቀ ነው፤ ስስ ሆኖ ጠንካራ፣ ለጣት የሚመች። እንግሊዝ አገር ዮቪል ከተማ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1826 የተመሠረተው ፒታርድስ የተባለ ድርጅት የኢትዮጵያን በግ ቆዳ ለጓንት ሲያለፋ ኖሯል፤ ኋላም ሞጆ አቅራቢያ ኤጀርሳ ያለውን ቆዳ ፋብሪካ እስከ መግዛት ደርሷል። የዮቪሉ ድርጅት በ2023 ከሰረ እንጂ ስሙ የተገነባው በኛ በግ ነበር። ጓንት ግን ጓንት ነው። ለጃኬት የሚሠራው የበግ ቆዳ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ይቀጥናል፤ ለሠርግ ይሆናል፣ ለፎቶ ይሆናል፣ አስፋልት ላይ ለመንሸራተት ግን አይሆንም። ለሞተር የምትፈልገው ከ1.2 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር የሆነ የከብት ቆዳ ነው። ፍየልም መጥፎ አይደለም፤ ከበግ የጠነከረ፣ ከከብት የቀለለ ነው። መለኪያ የለኝም እንዳትል የባንክ ካርድህ አለ። ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ከኪሱ ውስጥ ወይም ከገበሩ ሥር ያልታጠፈ የቆዳ ጫፍ ፈልገህ ካርዱን አጠገቡ አድርግ፤ ቆዳው ከካርዱ በግልጽ መወፈር፣ ወደ ሁለት ካርድ መጠጋት አለበት። እንዲህ ያለው ጃኬት ይከብዳል፤ ሁለት ኪሎ ቢያልፍ አትደንግጥ።

ያንኑ ጫፍ ስታይ ሌላም ነገር ይገለጥልሃል። እውነተኛ ቆዳ ጫፉ ላይ ጭረት ጭረት ያለ፣ እንደ ተቋጨ ክር የተጠላለፈ ነው። ፕላስቲኩ ግን ከላይ ስስ ልባስ፣ ከታች የተለጠፈ ጨርቅ ሆኖ ይታይሃል። በአውራ ጣትህ ተጫነው፤ ቆዳ በጣትህ ዙሪያ እንደ ሰው እጅ ይሸበሸባል፣ ፕላስቲክ ጎድጎድ ብሎ ይመለሳል። በእሳት ልፈትነው የሚሉ አሉ፤ የሰው ዕቃ ላይ ክብሪት እንዳትጭር። ፕላስቲኩ በጅጋ ፀሐይ ሁለት በጋ አይቆይም፤ ኮሌታውና ክርኑ ላይ መላላጥ ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ የእንስሳውን ታሪክ አንብብ። የሀገር ቤት በሬ ቆዳ ሙሉ ሕይወቱን ይዞ ይመጣል፤ አንገቱ ላይ ቀንበር ያጠነከረው ጠባሳ፣ ጎኑ ላይ የጅራፍ መስመር፣ መዥገር የነከሰበት ቀዳዳ፣ ለምልክት የተተኮሰበት። ጥቂት ጠባሳ ነውር አይደለም፤ እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ግን ጠባሳው ትከሻ፣ ክርንና ስፌት ላይ ከሆነ ቆዳው እዚያ ላይ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ከከብት ቆዳ ጠንካራውና ጥቅጥቅ ያለው በጀርባው አጥንት ግራና ቀኝና በዳሌው ላይ ያለው ነው፤ የሆዱ ልል ነው፣ ሲለበስ ይንዘላዘላል። አንዳንድ ልብስ ሰፊ ቆዳ ለመቆጠብ የሆዱን ቁራጭ ከእጅጌው በታችኛው በኩል ያስገባል። እሱ ይፈቀድለት፤ ክርኑ ላይ ካስገባው ግን መልስለት። የምትለየው በመሳብ ነው። ሁለት እጅህን ስፌቱ ግራና ቀኝ አድርገህ ቀስ ብለህ ሳበው፤ ከሌላው ክፍል ይልቅ የሚለጠጥ ከሆነ ሆድ ነው።

በበጉ ቆዳ ላይ ደግሞ እከክ አለ። ቅማልና የበግ ቁንጫ መሰል ተባዮች በጉን ሲበሉት ቆዳው ላይ ጥቃቅን ጉብጉብታ ይቀራል፤ በጠጉሩ ሥር አይታይም፣ ቆዳው ከለፋ በኋላ ግን እንደ ሽፍታ ይወጣል። የውጭ ገዢዎችም ሳይቀሩ እከክ ብለው በኛ ስም ይጠሩታል። አንተ በሥራህ ገበሬ ቤት ትገባለህ፤ በጎቹን መድኃኒት እንዲያስነክሩ ስትመክር የምትመክረው ስለ ሥጋ ብቻ አለመሆኑን ንገራቸው። በዓል ሲመጣም ቆዳው ሲገፈፍ ቢላ ከመክፈቻው አልፎ እንዳይገባ፣ ቀሪውን በጡጫቸው እየገፉ እንዲለያዩት፣ ወዲያውም ጨው እንዲነሰነስበት ንገራቸው። ጥሬ ቆዳ ከአገር እንዳይወጣ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ 150 በመቶ ቀረጥ ተጣለ፤ ፋብሪካዎቻችን ግን ጥሩ ቆዳ አጣን ይላሉ፣ በፋሲካ ማግሥት ደግሞ የበግ ቆዳ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ታያለህ። ከጃኬትህ ወጣሁ መሰለኝ። ልመለስ።

ዋጋ አልጽፍልህም፤ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የጻፍኩት ዋጋ ደብዳቤው ሳይደርስህ ይለወጣል። ይህን ብቻ ልበል፦ ሄልሜትና ጓንት ሳይኖርህ ጃኬት አትግዛ። ብሩ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ለራስ ቅልህ ይሁን። ደግሞ ጃኬቱ እስኪገዛ ድረስ በጋቢ ተጠቅልለህ ሞተር ላይ እንዳትወጣ። ከኋላ የምታፈናጥጣት እህትህም ነጠላዋን ጉያዋ ውስጥ ትክተት። ጫፉ ካቴና ወይም የኋላ ጎማ ውስጥ ከገባ ጎማው አይቆምላትም፤ እሷን ይዞ ይጎትታል። ብርድ ከሆነ ሹራብ ይደረብ እንጂ የሚንዘረፈፍ ነገር ለሞተር አይሆንም።

አሜሪካ ያለው የአጎትህ ልጅ "ልክህን ንገረኝ፣ እልክልሃለሁ" ብሎሃል አሉ። እሱም ጥሩ ነው፤ ግን "ኤክስ ኤል ነኝ" ብለህ እንዳትልክለት። የቻይና ኤክስ ኤልና የአሜሪካ ኤክስ ኤል ለየቅል ናቸው፤ አንዱ የልጅ፣ ሌላው የአባት ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘህ በብብትህ ሥር፣ ደረትህን ሳትነፋ ዙሪያህን ለካ። ከዚያ ከአንገትህ ጀርባ ካለችው ጉብ ያለች አጥንት ተነሥተህ በትከሻህ ላይ አድርገህ፣ ክርንህን አጥፈህ እስከ አንጓህ ለካ። ከዚያችው አጥንት እስከ ቀበቶህም ለካ። ትከሻህን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ። አራቱን ቁጥር በሳንቲ ሜትር ላክለት። የአሜሪካ ጃኬት ላይ 40 ካለ ደረት በኢንች ነው፣ ወደ 102 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የጣሊያን ጃኬት ላይ 50 ካለ የደረት ግማሽ ነው፣ ሙሉው 100 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የተለበሰ ጃኬት ከሆነ የሚገዛልህ ደግሞ ቁጥሩን ይርሳውና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ዚፑን ዘግቶ ከብብት እስከ ብብት ይለካው። በሁለት ሲባዛ ከደረትህ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ከዚህ ካነሰ አይዘጋልህም፤ ከዚህ በብዙ ከበለጠ ደበሎ ነው የላከልህ።

የተለበሰ ቆዳ አትናቅ። ሌላ ሰው አላልቶልሃል። ክርኑን ግን ገልብጠህ እይ፤ ደርቆ የተሰነጠቀ ቆዳ ቅባት አይመልሰውም። ዚፑን ደጋግመህ ክፈትና ዝጋ፤ ጥርሱ ብረት ይሁን፣ ሲሄድ አይሰናከል። ገበሩ ቢቀደድ ምንም አይደል፣ ማንም ልብስ ሰፊ ይቀይርልሃል።

ከገዛኸው በኋላ ክረምቱ ይመጣል። ቆዳ ዝናብ ቢመታው አይሞትም፤ የሚገድለው አደራረቁ ነው። ወደ ቤት ስትገባ እናትህ ምድጃ አጠገብ ልታሰጣልህ ትፈልጋለች፤ እምቢ በላት። በጨርቅ ጠርገህ፣ ሰፋ ያለ መስቀያ ላይ ሰቅለህ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ተወው፤ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ ለቆዳ የተሠራ ቅባት በስሱ አልብሰው። ቅቤ አይሆንም። ቅቤ ይበሰብሳል፣ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል፤ ጎተራ ባለበት ቤት ደግሞ አይጥ መጥራት አያስፈልግም። የቀበቶው መቆለፊያ የነዳጅ ታንኩን ቀለም እንዳይቧጭር ስትነዳ ወደ ጎን አድርገህ እሰረው፤ ሞተሩ የመሥሪያ ቤት ነው፣ ጠያቂ አለው። ጥቁር ጃኬት ማታ አይታይም፤ አንጸባራቂ ጨርቅ ከላዩ ደርብ። አመሻሽ ላይ ከጅጋ ገበያ የሚመለሰው ሰውና አህያ አንተን አያይህም፣ አንተም እሱን አታየውም።

ምናልባት አንድ ቦታ አልሆነህ ይል ይሆናል። እዚያው ፍኖተ ሰላም ቆዳ የሚሰፋ ሰው ፈልግ፤ ጨርቅ ሰፊ አይሆንም፣ ማሽኑም መርፌውም አይችለውም። እጅጌው ከረዘመ ከጫፉ ያሳጥርልሃል። ወገቡ ከሰፋ በጎኑ ስፌት በኩል ያጠብልሃል። ቆዳ ላይ መርፌ አንዴ የበሳው ቀዳዳ እንደ ጨርቅ ተመልሶ አይዘጋምና አስቀድሞ በጠመኔ ምልክት ያድርግ፣ አንተም ለብሰህ፣ ተቀምጠህ እይው፣ ከዚያ ይቁረጥ። የትከሻ ስፌት ግን እጅጌውን፣ ኮሌታውን፣ ጀርባውን በአንድነት የያዘ ነው፤ እሱ ሲፈታ ሁሉም ይፈታል፣ የድሮው ቀዳዳ ሁሉ ይታያል፣ ዳግመኛም ልኩን አያገኝም። ሰፊው "ትከሻውን ልፍታውና ላስተካክልልህ" ካለህ አመስግነህ፣ ጃኬትህን ይዘህ ውጣ።